የዩኒቨርሲቲ የሕግ ቴክኖሎጂ ማዕከልን እንዴት ትመዝናላችሁ? ከማመልከታችሁ በፊት የሚሠራ የሁለት ምሽት ሥራ

ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት የሕግ ባለሙያ ላፕቶፗን ይዛ ቢሮዬ መጣች። ለሁለተኛ ዲግሪ ልታመለክት ሦስት የሕግ ቴክኖሎጂ ማዕከላት መርጣለች። «የቱ ይሻለኛል?» አለችኝ። በምን እንደመረጠቻቸው ስጠይቃት በዩኒቨርሲቲዎቹ ስም ነው። ስሙ የገነነውን ከፈትን። ድረ ገጹ ያምራል። «ፕሮጀክቶቻችን» የሚለውን ተጫንን። አምስት ፕሮጀክት ተዘርዝሯል። አንድ በአንድ ነካናቸው። ሦስቱ አይከፍቱም። አራተኛው ወደ አንድ ጉባኤ ፎቶ ወሰደን። አምስተኛው ተከፈተ፤ እሱም አጭር ጽሑፍ ነበር።

ሁለታችንም ዝም አልን። ያንን ማዕከል እኔም ለሌሎች ሰዎች ጠቁሜ ነበር፤ ፕሮጀክቶቹን ግን አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁም። ከዚያ ወዲህ ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህንን ነው፦ ማዕከሉ ሰው እጅ ላይ ምን አስቀመጠ? ያስቀመጠው ዛሬም ይሠራል? ከታች የምጽፈው ሁሉ ይህንኑ ለማጣራት የሚረዳ ነው። ሁለት ምሽት፣ ኢንተርኔትና አንድ ወረቀት ይበቃል።

መጀመሪያ፦ ምን ዓይነት ማዕከል እንደሆነ ለዩ

የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሰንጠረዥ ዩኒቨርሲቲውን በሙሉ ነው የሚለካው። ማዕከሉ ግን ሁለት ክፍልና ስድስት ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰንጠረዡን ተዉትና ማዕከሉ ምን እንደሚሠራ ጠይቁ። «የሕግ ቴክኖሎጂ» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ሥራዎች በጣም የተለያዩ ናቸው።

ሕግን በነፃ ለሕዝብ የሚያደርሱ አሉ። የዚህ ታላቅ ምሳሌ አሜሪካ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የሕግ መረጃ ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ፒተር ማርቲንና ቶማስ ብሩስ መሠረቱት። የዚያን ጊዜ የኢንተርኔት ገጽ የሚከፍቱ ፕሮግራሞች በዊንዶውስ አይሠሩም ነበር፤ ጠበቆች ደግሞ የሚጠቀሙት ዊንዶውስ ነው። ብሩስ ቁጭ ብሎ «ቼሎ» የተባለ ለዊንዶውስ የሚሆን ፕሮግራም በ1993 ጻፈ። ይህን ታሪክ የምወደው ሥራው ከተጠቃሚው ችግር ስለጀመረ ነው። በ1995 አውስትራሊያ ውስጥ ሁለት የሲድኒ ዩኒቨርሲቲዎች በዚሁ መንገድ የራሳቸውን ተቋም መሠረቱ።

መሣሪያ የሚሠሩም አሉ፤ ለምሳሌ ቦስተን የሚገኘው የሰፎክ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፈጠራና ቴክኖሎጂ ላብ። ሌሎቹ ቴክኖሎጂውን የሚፈትሹና የሚለኩ ናቸው፤ ስታንፎርድ ያለውን ኮዴክስን እዚህ አስገቡት። አራተኞቹ የሚጠይቁት «ቴክኖሎጂው ራሱ በምን ሕግ ይገዛ?» ብለው ነው። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ከእ.ኤ.አ. 1970 ጀምሮ ይህን ሲያጠና ኖሯል። ቤልጅየም ያለው የሉቨን ማዕከልም እዚሁ ይመደባል። የአገራችንን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይዞ መመራመር የሚፈልግ ሰው ቦታው እነዚህ ዘንድ ነው።

ኮርኔልን በጥናት ጽሑፍ ብዛት፣ ሉቨንን በኮድ ብዛት ብትመዝኑ ሁለቱንም ትበድላላችሁ። ወረቀታችሁ ላይ የየማዕከሉን ዓይነት ጻፉ። አጠገቡ እናንተ ምን ለመሥራት እንደምትሄዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። ሁለቱ ካልገጠሙ እዚያው ሰርዙት፤ ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ሥራቸውን በእጃችሁ ንኩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይህ ነው።

የሰፎክን ምሳሌ ልውሰድ። እ.ኤ.አ. ማርች 2020 በኮሮና ምክንያት የማሳቹሴትስ ፍርድ ቤቶች በራቸውን ዘጉ። ሰው በአካል ሄዶ ቅጽ መሙላት አልቻለም። ከቤቷ ልትባረር ያለች ተከራይ፣ ከምትደበደብበት ቤት ጥበቃ የምትፈልግ ሴት፣ የት ትሂድ? ላቡ በጎ ፈቃደኞችን አሰባስቦ የፍርድ ቤት ቅጾችን በስልክ የሚሞሉ አድርጎ መሥራት ጀመረ። የተጠቀሙበት «ዶክአሴምብል» የተባለውን ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ያንን የጻፈው ደግሞ የፊላደልፊያ ጠበቃ ጆናታን ፓይል ነው።

አሁን እናንተ ስልካችሁን አውጡ። ኮምፒውተር አይደለም፣ ስልክ። ከእነዚያ ቅጾች አንዱን ክፈቱና ራሳችሁን እንደ ተከራይዋ አድርጋችሁ ሙሉ። ጥያቄው አንድ በአንድ ይመጣል። ቋንቋው ቀላል ነው። መጨረሻ ላይ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ የተዘጋጀ ሰነድ ይወጣል። ስትሞሉ እነዚህን አስተውሉ፦ ገጹ በቀስታ ኔትወርክ ይከፈታል? የሕግ ትምህርት ያልተማረች እናታችሁ ጥያቄውን ትረዳዋለች? ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ብትመለሱ የሞላችሁት ይገኛል? ስህተት ቢኖር ለማን እንደሚነገር ተጽፏል?

የቺካጎ ኬንት የሕግ ትምህርት ቤት የተሳተፈበት ሌላ መሣሪያ አለ። እዚያ እናንተ ስትመልሱ በሥዕል ያለ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ደጃፍ በሚወስደው መንገድ ይራመዳል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ፍርድ ቤት ሄዶ የማያውቅ ሰው ምን ያህል እንደቀረው ማየቱ ብቻ ያረጋጋዋል። ይህን ያሰበ ሰው በተጠቃሚው ወንበር ተቀምጦ ያውቃል ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ጊትሃብ ግቡ፤ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ ነው። ፕሮግራም መጻፍ ባትችሉም ሁለት ነገር ማንበብ ትችላላችሁ። አንደኛ፣ ኮዱ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካበት ቀን። ሁለተኛ፣ «ኢሹዝ» የሚለው ክፍል፤ ተጠቃሚዎች ያገኙትን ስህተት የሚጽፉበት ነው። ስህተት መኖሩ አያስደንግጣችሁ። የሚሠራበት ነገር ሁሉ ስህተት ይገኝበታል። የምታዩት መልስ ተሰጥቶ እንደሆነ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈ ቅሬታ ማንም ሳይመልስለት ካለ ቤቱ ባዶ ነው። ትናንት ተጽፎ ዛሬ «ተስተካክሏል» ከተባለ ግን ውስጡ ሰው አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የቆየ ኮድ ሁሉ የሞተ ኮድ አይደለም። አንዳንዱ ሥራው አልቆ በሰላም የሚኖር ነው። ሕግ ግን ይቀየራል፤ የፍርድ ቤት ቅጽም ይቀየራል። ሕግ ላይ የተሠራ መሣሪያ ሦስት ዓመት ሳይነካ ከተቀመጠ አሮጌ ሕግ እያደለ ሊሆን ይችላል። ያ ከባዶ ገጽ የባሰ ነው።

አንድ ጥናታቸውን እስከ መጨረሻው አንብቡ

የጽሑፎቻቸውን ብዛት አትቁጠሩ። አንዱን መርጣችሁ እስከ ግርጌው አንብቡ። ምን እንደምትፈልጉ ላሳይ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ጂፒቲ-4 የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል የአሜሪካን የጥብቅና ፈተና አለፈ ተባለ። «ከተፈታኞች 90 በመቶውን በልጧል» የሚለው ወሬ ዓለምን አዳረሰ። በፈተናው ሥራ ከኮዴክስ ጋር ቁርኝት ያላቸው ተመራማሪዎች ነበሩበት። በዓመቱ ከኤምአይቲ የወጣ ሌላ ጥናት ጥያቄ አነሳ፦ 90 በመቶው እነማን ናቸው? የንጽጽሩ ቁጥር የመጣው ከየካቲቱ ፈተና ይመስላል። በየካቲት የሚቀመጡት ብዙዎቹ በሐምሌው የወደቁና ደግመው የሚፈተኑ ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚፈተኑት ጋር ሲነጻጸር ደረጃው ወደ 62 በመቶ ወረደ። ፈተናውን ካለፉት ጋር ብቻ ሲነጻጸር ደግሞ ወደ 48 በመቶ። በጽሑፍ መልሱ ብቻ ካለፉት ጋር ሲታይ 15 በመቶ ገደማ ሆነ።

እዚህ ላይ የምትማሩት «ከማን ጋር ተወዳደረ?» ብሎ መጠየቅን ነው። ሌላም አለ። ከመጀመሪያው ጥናት ተባባሪ ጸሐፊዎች አንዱ በዚያው ሞዴል ላይ የተሠራ የሕግ መሣሪያ ከሚሸጥ ኩባንያ መሥራቾች አንዱ ነበር። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ የትም ያጋጥማል። ግን ጥናት ስታነቡ የጸሐፊዎቹን የሥራ ቦታ ከስማቸው ሥር እዩ። እኔ አሁን ከርዕሱ ቀጥሎ የማነበው እሱን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ እዚያው ስታንፎርድ ነው። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የሌሉ ውሳኔዎች ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጡ። ከዚያ በኋላ የሕግ መረጃ ሻጮች «የእኛ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ የሌለ ውሳኔ አይፈጥርም» እያሉ ማስተዋወቅ ጀመሩ። የስታንፎርዱ ሬግላብ ተመራማሪዎች በ2024 እነዚያን መሣሪያዎች ራሳቸው ፈተሹ። ከ17 እስከ 33 በመቶ ለሚሆኑ ጥያቄዎች የተሳሳተ ወይም ምንጩ የማይደግፈው መልስ አገኙ።

እኔ ከቁጥሩ ይልቅ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ሲወጣ ከባድ ትችት ደረሰበት። ከአንዱ ኩባንያ ምርቶች ለጥያቄው የማይሆነውን ነው የፈተናችሁት ተባሉ። ተመራማሪዎቹ ትክክለኛውን ምርት ሲያገኙ ደግመው ፈተኑ፤ ጥናቱንም አሻሽለው አወጡ። ማዕከል ሲተች የሚያደርገውን ማየት መቶ ጽሑፍ ከማንበብ በላይ ያስተምራል። ስለዚህ የጥናቱን ርዕስ ፈልጋችሁ የተለያዩ ቅጂዎቹን አስተያዩ። ምን ተቀየረ? ለምን እንደተቀየረ ተናግረዋል?

ሰዎቹን እወቁ

ሦስት ነገር ብቻ። የሕጉ ሰውና የኮምፒውተሩ ሰው አብረው ይሠራሉ ወይ? ኮዴክስ የሕግ ትምህርት ቤቱና የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሉ የጋራ ሥራ ነው፤ ይህ ከስሙ በላይ ይጠቅመዋል። ሕግ ብቻ የተማሩ ሰዎች የሞሉበት ማዕከል «ኮዱን ለኩባንያ ሰጥተን እናሠራለን» የሚል ከሆነ ተማሪው ኮድ አጠገብ አይደርስም።

ቀጥሎ ታዋቂው ፕሮፌሰር በእርግጥ እዚያ አለ? የዘንድሮ የትምህርት ፕሮግራም ላይ ስሙን ፈልጉ። ካልተገኘ እረፍት ላይ ነው ወይም ሄዷል። የሚያማክራችሁ እሱ ሳይሆን አታውቁት የነበረ ሰው ይሆናል። ያም ሰው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ግን ከመሄዳችሁ በፊት እወቁት።

ሦስተኛ፣ የቀድሞ ተማሪዎች አሁን የት ናቸው? በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት የሆነ ስብሰባ ካላቸውም ግቡና አዳምጡ። የካሊፎርኒያ ከሰዓት በእኛ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው፤ አንድ ሌሊት መሥዋዕት ማድረግ ነው። ተማሪ ሲጠይቅ እንዴት እንደሚመልሱለት ስሙ።

ገንዘቡ ከየት ነው? ውሉስ ምን ይላል?

ገንዘብ ከኩባንያ መውሰድ ማዕከልን አያረክሰውም። ውሉን መደበቅ ግን ያሳስባል። የሃርቫርድ ሕግ ቤተ መጻሕፍትን ታሪክ ላንሳ። የአሜሪካን ፍርድ ቤቶች የታተሙ ውሳኔዎች በሙሉ ስካን ለማድረግ ተነሱ። 40 ሚሊዮን ገጽ ገደማ፣ ከ6 ሚሊዮን በላይ ውሳኔ ነው። ወጪውን የሸፈነው ራቬል ሎው የተባለ ጀማሪ ኩባንያ ነበር። በምትኩ ኩባንያው ለተወሰኑ ዓመታት የንግድ መብት አገኘ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ተራ ተጠቃሚ በቀን ከ500 ውሳኔ በላይ ማውረድ አይችልም ነበር። መሃል ላይ ራቬል በትልቁ የሕግ መረጃ ሻጭ ኩባንያ በሌክሲስኔክሲስ ተገዛ። ብዙ ሰው «አበቃለት» ብሎ ፈርቶ ነበር። ውሉ ግን የማብቂያ ጊዜ ነበረው። በ2024 ገደቡ ተነሳና ሁሉም ለሁሉም ክፍት ሆነ።

ውሉ ላይ የማብቂያ ቀን ያስቀመጠው ሰው ትልቅ ሥራ ሠርቷል። እናንተም የምታመለክቱበት ማዕከል ላይ ይህንኑ ጠይቁ፦ ደጋፊዎቹ ተጽፈዋል? የሚሠራው ነገር የማን ይሆናል? የምርምር ገንዘቡ ሲያልቅ መሣሪያውን ማን ይይዘዋል? ያ የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ካጣ፣ ቢሮዬ ውስጥ ያየናቸው የማይከፍቱ ሊንኮች ምክንያት እሱ ነው።

ለእኛ ሕግና ለእኛ ቋንቋ ይሆናል?

ተመልሶ አገሩ ላይ መሥራት የሚፈልግ ሰው ይህን እንዳይዘል። ብዙዎቹ ጠንካራ ሥራዎች የተሠሩት በእንግሊዝኛና ለአሜሪካ ሕግ ነው። በ2023 የወጣው ሊጋልቤንች የሚባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎች የሕግ ችሎታ መፈተኛ 162 ተግባራት አሉት፤ ትልቅ የትብብር ሥራ ነው። ነገር ግን አንድ ሞዴል የሰበር ውሳኔ ማንበብ ይችል እንደሆነ አይነግራችሁም።

ራሳችሁ ሞክሩት። የሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም ከአዋጅ 454/1997 ጀምሮ የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ አዋጅ 1234/2013ም ይህንኑ ይዟል። ስለዚህ ውሳኔ ማግኘት ለእኛ ጠበቃ የዕለት እንጀራው ነው። አሁን አንድ የቆየ የውሳኔ ፋይል ክፈቱ። አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጋችሁ ባዶ ገጽ ላይ ለጥፉ። በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፊደሎች የተጻፈ ከሆነ የሚወጣው ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ነው። ስካን ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ምንም አይመጣም።

ጽሑፉ ደህና ቢሆንም ገና ነው። አንዱ ጸሐፊ «ሕግ» ብሎ ጽፏል፣ ሌላው «ህግ»። አንዱ «ሠራተኛ»፣ ሌላው «ሰራተኛ»። አንዱ «ፍርድ ቤት»፣ ሌላው «ፍ/ቤት»። በአንዱ ፈልጋችሁ ሌላውን አታገኙትም። ደንበኛችሁን የሚያድን ውሳኔ በአንድ ፊደል ምክንያት ተሰውሮ ሊቀር ይችላል። ይህን በማዕከሉ ላለ ሰው አስረዱና ምን እንደሚል ስሙ። «ደስ የሚል ጥያቄ ነው፣ ዳታ አላችሁ?» ካለ ጥሩ ምልክት ነው። «ተርጉማችሁ በእንግሊዝኛ ሥሩት» ካለ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

አፍሪካን ከመነሻው ያሰበ ሥራም አለ። አኮማ ንቶሶ የሚባለው የሕግ ሰነዶች መዋቅር መስፈርት የተጀመረው የተባበሩት መንግሥታት ለአፍሪካ ፓርላማዎች ባካሄደው ፕሮግራም ነው። ስሙ ከምዕራብ አፍሪካ የአካን ቋንቋ የመጣ ሲሆን «የተሳሰሩ ልቦች» ማለት ነው። የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ሞኒካ ፓልሚራኒና ፋቢዮ ቪታሊ ዋና ሠሪዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆነ። አዋጆቻችን አንቀጽ በአንቀጽ፣ ማሻሻያ ከማሻሻያ ተያይዘው ሲነበቡ ማየት የሚመኝ ሰው ቦሎኛን ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባ።

በመጨረሻ ደብዳቤ ጻፉ

ለዳይሬክተሩ ሳይሆን መጀመሪያ እዚያ ላለ የዶክትሬት ተማሪ ጻፉ። አጭር ይሁን። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦

«እገሌ የተባለውን መሣሪያችሁን በስልኬ ሞክሬዋለሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ይህ ስህተት ገጠመኝ። የመጨረሻው ማሻሻያ የተደረገው በዚህ ቀን መሆኑን አየሁ። አሁን ማን ይዞታል? ተማሪዎች ኮዱ ላይ ይሠራሉ? አማካሪያችሁን በወር ስንት ጊዜ ታገኙታላችሁ?»

«ማዕከላችሁ በጣም ታዋቂ ነው» የሚል ነገር አትጨምሩ። ሞክራችሁ መጻፋችሁ ብቻ ከሌላው አመልካች ይለያችኋል። ሁለት ሳምንት ጠብቁና አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱ። መልሱን ከቀኑ ጋር ወረቀታችሁ ላይ ጻፉ። ከማመልከቻው ቀነ ገደብ ሳምንት በፊት ሊንኮቹን እንደገና ንኩ፤ በአንድ ወር ውስጥ የሚቀየር ነገር አለ።

ያቺ ወጣት ለሦስቱም ጻፈች። ከስመ ገናናው መልስ አልመጣም። ከሁለተኛው የማስታወቂያ ብሮሹር መጣላት። ከሦስተኛው አንድ ተማሪ ረጅም ኢሜይል ላከላት፦ የሞከረችው መሣሪያ የምርምር ገንዘቡ ካለቀ ወዲህ በደንብ እንዳልተያዘ፣ ያገኘችው ስህተት እውነት እንደሆነ፣ ዘንድሮ እሱና አንድ ጓደኛው እንደገና እየሠሩት እንደሆነ፣ የአማርኛውን የፊደል ችግርም ማየት እንደሚፈልግ። ከሥሩ የኮዱን ሊንክ አያይዞ ነበር። ያን ማታ ማመልከቻዋን ጀመረች።